ከቴክሴል ደሴት የበግ ሜዳዎች

ዴን ሄልደር የሰሜን ሆላንድ ጫፍ ናት፤ ከአምስተርዳም የተነሣው ባቡር ከእሷ ወዲያ መሄጃ የለውም። ከጣቢያው ወደ ወደቡ አውቶቡስ አለ። መርከቡ መኪናውን፣ ብስክሌቱን፣ የከብት ማመላለሻ ተጎታቹን ሁሉ ጭኖ በሃያ ደቂቃ ገደማ ማዶ ያራግፋል። ድርጅቱ ቴሶ ይባላል፤ በ1907 ደሴተኞቹ ራሳቸው አክሲዮን አዋጥተው ያቋቋሙት ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። ትኬቱ የሚቆረጠው በዚህኛው ዳር ብቻ ነው፤ የመመለሻው ሂሳብ አብሮ ተከፍሏልና ከደሴቲቱ ስትወጣ የሚጠይቅህ የለም።

ከእኔ ጋር የተሳፈሩት አብዛኞቹ ለባሕር ዳርቻውና ለአበባው ማሳ የመጡ ናቸው። እኔ የመጣሁት ለበጎቹ ነው። በብዙ አገር የታወቀው የቴክሴል የሥጋ በግ ስሙን ያገኘው ከዚህች ደሴት ነው። የሳይንስ ሰዎች የጡንቻውን ምሥጢር ሲከታተሉ እስከ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ድረስ የወረዱትም በዚሁ በግ ነው። አንዲት ፊደል አንድን በግ እንዴት ታደልባለች? ይህን ወረቀት ላይ ካነበብኩ በኋላ በጉን ቆሞ ሳላየው መቅረት አልሆነልኝም።

ሚያዝያ ነው፤ ነፋሱ ከባሕሩ ያለ ማቋረጥ ይነፍሳል። ብስክሌት ተከራይቼ ከዴን ቡርግ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ሆኸ ቤርኽ ወደሚባለው ከፍታ ሄድኩ። “ከፍተኛው ተራራ” ማለታቸው ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 15 ሜትር ግድም ነው። የመንዝ ሰው ቢያየው ምን እንደሚል እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ። መስኩ በሣር ቁርጥ ከአፈር በተሠራ፣ ወገብ በማይደርስ አጥር ተከፋፍሏል። አጥሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ የጋራ ግጦሹ ለየባለቤቱ ሲከፈል የተሠራ ነው። በየመስኩ ለሁለት የተሰነጠቀ የሚመስል የሣር ክዳን ጎተራ ይታያል። ዘቅዛቃው ክዳን ወደ ነፋሱ፣ ቀጥ ያለው ግድግዳና በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። በጎቹ ያድሩበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የድርቆሽና የዕቃ ማስቀመጫ ነው። በጎቹስ? እነሱ ዝናቡንም ነፋሱንም ውጭ ይውሉበታል፣ ያድሩበታል።

የሕዝቡ ቁጥር 14 ሺህ ገደማ ነው። በዚህ ወር ግልገሎቹ ሲጨመሩ በጉ ከሰው ይበዛል።

በጉን ከቅርብ ያየሁት ደግሞ ባልጠበቅሁት መንገድ ነው። ከአንድ አጥር ማዶ አንዲት እናት በግ በጀርባዋ ወድቃ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ታራግጣለች። ሁለት ግልገሎቿ አጠገቧ ቆመው ይጮኻሉ። በብስክሌት የምታልፍ አንዲት የደሴቲቱ ሴት ወርዳ “ና፣ እናንሣት” አለችኝ። ነገሩ እዚህ የተለመደ ነው፤ ጎብኚ እንኳ በጀርባዋ የወደቀች በግ ካየ እንዲያነሣ ይመከራል። ጀርባዋ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ጠጉሯ ከባድ ስለሆነ ከወደቀች ራሷን መገልበጥ ያቅታታል። ጨጓራዋ ውስጥ ጋዝ ተጠራቅሞ ሳንባዋን ይጫነውና ትሞታለች። አጥሩን ተሻግረን ሴትዮዋ በበጓ ትከሻ በኩል፣ እኔ በዳሌዋ በኩል ጠጉሯን ጨብጠን ገለበጥናት። ሰባ ሰማንያ ኪሎ ትሆናለች። እግሯ እስኪጸና ድረስ ደግፈን ያዝናት።

ያን ጊዜ ነው እጄ ሽንጧ ላይ ያረፈው። በግ ገበያ ያደገ ሰው እጁን መመለስ አይችልም፤ አከርካሪዋን ፈለግሁ፣ አጣሁት። በሁለቱ በኩል ያለው ሥጋ ከአጥንቱ በላይ ተነሥቶ አከርካሪው መሐል ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል። ጣቴን ጫን ባደርገው አይሰምጥም፤ ስብ አይደለም፣ ጡንቻ ነው። ታፋዋ ከኋላ ሲታይ ወደ ውጭ ቦርቅቆ እስከ ቋንጃዋ ይወርዳል። ፊቷ አጭርና ሰፊ፣ ጠጉር አልባ ነጭ ነው፤ አፍንጫዋ ጥቁር። ቀጭን ጅራት እንጂ ላት የላትም።

በማግስቱ ያነጋገርኳቸው አርቢ ስድሳ ዓመት የተሻገሩ ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው በዚሁ መስክ ላይ ለትውልዶች በግ አርብቷል። በእንግሊዝኛ ተግባባን። የማዋለጃው በረት ውስጥ ጭድ ተነጥፏል፤ እናቶቹ ከነግልገሎቻቸው በትናንሽ ክፍልፋይ ተለያይተዋል። ሰውዬው ሌሊቱን ሲያዋልዱ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። “ይህ ትከሻ ሲወጣ ችግር ነው” አሉኝ ገና ያልደረቀ ግልገል እያሳዩኝ። ራሱ ሰፊ ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ በእጅ ማገዝ ያስፈልጋል፤ ሲብስ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ያወጣዋል። ያ ሁሉ ሽንጥና ታፋ በነጻ የመጣ አይደለም።

አውራዎቹን አሳዩኝ። ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። እያንዳንዱ በግ ጆሮው ላይ ቁጥር አለው፤ የልደት ክብደቱ፣ ጡት ሲጥል የመዘነው፣ በአልትራሳውንድ የተለካው የሽንጡ ጥልቀትና ከላዩ ያለው የስብ ውፍረት ሁሉ ተመዝግቧል። ቄራ ሲደርስ ሥጋው በቅርጹ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ጡንቻው የሞላው ከላይ፣ ኮሳሳው ከታች ይመደብና ዋጋው በዚያው ይወሰናል። “ታዲያ አውራ ሲገዙ ቁጥሩን አይተው ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ቁጥሩን አያለሁ” አሉ፤ “እጄን ሳላሳርፍበት ግን አልገዛም።” በመስከረም ወር የመጀመሪያው ሰኞ ዴን ቡርግ አደባባይ ላይ የበግ ቀን አለ፤ አርቢዎቹ በጎቻቸውን ለዳኞች ያቀርባሉ፣ ዳኞቹም ወገብ ይዳስሳሉ። የመንዙ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አጎቴ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው፤ መጀመሪያ ወገቡን፣ ቀጥሎ ላቱን፣ መጨረሻ ላይ ጥርሱን።

ይህ በግ እንዲህ ሆኖ የተገኘ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮው የቴክሴል በግ ትንሽና ባለ ቀጭን ጅራት ነበር፤ ይታለባል፣ የበግ አይቡም የታወቀ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የእንግሊዝ ገበያ ሥጋ ሲፈልግ አርቢዎቹ እንደ ሊንከንና ሌስተር ያሉ የእንግሊዝ አውራዎችን አስገብተው አዳቀሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መምረጥ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ወገቡ የሞላውን አስቀሩ፣ ያልሞላውን አረዱ። ማንም ስለ ጂን አያውቅም ነበር። ግን ሳያውቁት አንዲትን ፊደል በእጃቸው እየዳሰሱ ከበግ ወደ በግ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቴክሴል በጎች ያችን ፊደል ከአባትም ከእናትም በኩል ይዘዋል።

ፊደሏን ያገኙት የቤልጂየሙ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ በሚሼል ዦርዥ የሚመራው ቡድን፣ ከፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ነው። ቴክሴልን ከሮማኖቭ ጋር አዳቀሉ፤ ሮማኖቭ ብዙ የሚወልድ፣ ግን ሥጋው የሳሳ የሩሲያ በግ ነው። ዲቃሎቹን እርስ በርስ አዳቅለው ጡንቻ የወጣላቸውና ያልወጣላቸው የልጅ ልጆች በምን እንደሚለያዩ ፈለጉ። ፍለጋው 2ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ማዮስታቲን የሚባለው ጂን ዘንድ አደረሳቸው።

ማዮስታቲን ለጡንቻ “በቃ” የሚል ፕሮቲን ነው። ሥራው በ1997 ታወቀ፤ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጂኑን ከአይጥ ላይ ቢያጠፉት አይጡ በጡንቻ ተወጠረ። በዚያው ዓመት የቤልጂየም ብሉ የሚባለው የታወቀ ደንዳና ከብት ጂኑ ተሰብሮበት እንደሚወለድ ተገለጠ፤ 11 ፊደላት ወድቀውበታልና የሚሠራ ማዮስታቲን አያወጣም። ስለዚህ በቴክሴልም የተሰበረ ጂን ይገኛል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። አልተገኘም። የቴክሴል ማዮስታቲን ፕሮቲን ከሌላው በግ ፕሮቲን በምንም አይለይም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ጂኑ ሲገለጥ መጀመሪያ ወደ አርኤንኤ ይቀዳል፤ ፕሮቲኑ የሚሠራው ያንን ቅጂ እያነበቡ ነው። በቅጂው መጨረሻ ላይ ግን ፕሮቲን የማይሆን፣ የማይነበብ ጭራ አለ። የቴክሴል ፊደል ያለችው እዚያ ነው፤ ጂ መሆን የሚገባት ኤ ሆናለች። ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ፣ ሃያ ምናምን ፊደል ብቻ ያላቸው ጥቃቅን ቁራጮች ሞልተዋል፤ ሁለቱ ሚአር-1 እና ሚአር-206 ይባላሉ። ሥራቸው የሚገጥሙበትን ቅጂ ፈልጎ መያዝ ነው። ፊደሏ ስትለወጥ የማዮስታቲን ቅጂ እነሱ የሚገጥሙበት ቦታ አበጀ። ደብዳቤው ትክክል ነው፣ ፖስታው ላይ በተጫረች አንዲት ምልክት ምክንያት ግን ኬላ ላይ ተያዘ እንደማለት ነው። በቴክሴል በግ ደም ውስጥ የሚዞረው ማዮስታቲን ከሌላው በግ ሲሶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። “በቃ” ባዩ ድምፁ ስለቀነሰ ጡንቻው ይቀጥላል። ጥናቱ የታተመው በ2006 ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ እዚህ ድረስ ያመጣኝም ይኸው ነው። ስለ ዘር ስናወራ “ይህ በግ ያለው ጂን ያኛው የለውም” እንላለን። በአብዛኛው አይደለም። የመንዙም የቴክሴሉም በግ ያው ጂን አላቸው፤ የሚለያዩት ጂኑ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ይገለጣል በሚለው ነው። ማይክሮ አርኤንኤን በ1993 በትል ላይ ያገኙት ቪክተር አምብሮስና በጂኑ ላይ የሚሠራበትን መንገድ ያሳዩት ጋሪ ረቭኩን በ2024 ኖቤል ሲሸለሙ ብዙ ሰው “ምን ይጠቅማል?” ሲል ሰምቻለሁ። እዚህ ደሴት ላይ ሣር ሲግጥ ይታያል።

የቴክሴል በግ ለሳይንሱ ያበረከተው በዚህ አላበቃም። በ2014 የበግ ሙሉ ዘረመል ታትሞ ሲወጣ ማጣቀሻ የሆኑት አንድ አውራና አንዲት ሴት ቴክሴል ነበሩ። በ2017 ደግሞ ኤዲንብራ አጠገብ የሚገኘው የሮዝሊን ተቋም (በክሎኒንግ የተገኘችው በግ ዶሊ የተወለደችበት ነው) ቴክሴልን ከስኮትላንዱ ብላክፌስ ያዳቀላቸውን በጎች ወስዶ የትኛው ጂን በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚገለጥ ዝርዝር ካርታ አወጣ። ጉበቱም፣ ጨጓራውም፣ ሽንጡም አንድ ዓይነት ዲኤንኤ አላቸው፤ ሽንጥን ሽንጥ የሚያደርገው ከዚያ ሁሉ ጂን ውስጥ የሚከፈተውና የሚዘጋው ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሆኸ ቤርኽ ተመለስኩ፤ የጆርጂያውያን መቃብር እዚያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር ያሰለፋቸው የጆርጂያ ወታደሮች በሚያዝያ 1945 በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ፤ ውጊያው ጀርመን እጅ ከሰጠች በኋላ እንኳ እስከ ግንቦት 20 ቀጥሏል። ከበጉ ጋር አይገናኝም፤ ግን ደሴቲቱን ዞሮ ይህን ሳይጽፍ የሚያልፍ ሰው ምንም አላየም።

ማታ ምግብ ቤት ገብቼ የደሴቲቱን ጠቦት አዘዝኩ። የባሕሩ ጨው በነፋስ ሣሩ ላይ ስለሚያርፍ ሥጋው ልዩ ጣዕም አለው ይላሉ። ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ነው። ጨው አልቀመስኩም። ስብም አልቀመስኩም፤ የማዮስታቲን ማነስ ጡንቻን ሲጨምር ስብን ይቀንሳልና። ጮማ ለለመደ ምላስ ይህ ሥጋ ቅባት ያነሰው ይሆንበታል። እኛ ለሙክት ዋጋ የምንሰጠው በስቡ ነው፣ እዚህ ስቡ ደረጃ ያስቀንሳል።

ጡንቻ ሁሉ አንድ አይደለም። በ1983 ኦክላሆማ ውስጥ ሶሊድ ጎልድ የተባለ የዶርሴት አውራ ተወለደ፤ ዳሌውና ታፋው ከልክ በላይ የገዘፈ። ከልጆቹ ገሚሱ እንደ እሱ ሆኑ። የሚያስገርመው አወራረሱ ነበር። ለውጡ የሚታየው ከአባት በኩል ብቻ ሲወረስ፣ ከእናት የመጣው ቅጂ ደግሞ ያልተለወጠ ሲሆን ነው፤ ከሁለቱም ወገን የወረሰ ግልገል እንደ ማንኛውም በግ ያድጋል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ተራ ናቸው፣ ጡንቻው የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። እዚያም የተገኘው በ18ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ በጂኖች መካከል ባለ ባዶ በሚመስል ስፍራ የተለወጠች አንዲት ፊደል ናት፤ የምታዘው የአጠገቧን ጂኖች መገለጥ ነው። ሥጋው ብዙ ነው፣ መኖውንም በደንብ ይጠቀማል። ግን ጠንካራ ነው፤ በተለይ ሽንጡ አይታኘክም። ከታረደ በኋላ ጡንቻውን የሚያለሰልሱት ኢንዛይሞች በዚያ በግ ውስጥ ተከልክለዋል። ገበያው ጀርባውን ሰጠው። ለአርቢው ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ “እኛም አለን” አሉ። እውነትም ቴክሴሎች ውስጥ በዚያው 18ኛ ክሮሞዞም ላይ የሽንጥን ጥልቀት የሚጨምር ሌላ ስፍራ ተገኝቷል፤ የአወራረሱ መንገድም የዶርሴቱን ይመስላል።

ከማደሪያዬ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። የአውራውን ክብደት ነገርኩት።

“ውሸት ነው።”

“እውነት ነው ጋሼ፤ በዓይኔ አየሁት።”

“እሺ፣ ማን ያበላዋል?”

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ደሴቲቱ ላይ አልሰማሁም። የመንዝ እናት በግ 25 ኪሎ ከደረሰች ትልቅ ናት። ብርዱን፣ የበጋውን ሣር ማጣት፣ ከጓሳ ከፍታ የሚወርደውን ንፋስ የምታልፈው ላቷ ላይ ባጠራቀመችው ስብ ነው። ማዮስታቲኗን ቀንሰን ስቧን ብንወስድባት በመጋቢት ምን ይዛ ትቆማለች? ደሞ ጡንቻ በፊደል ብቻ አይሠራም። በበግ የጡንቻ ክሮች ቁጥር የሚወሰነው ግልገሉ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው፤ ከተወለደ በኋላ ክሮቹ ይወፍራሉ እንጂ አይበዙም። እርግዝናው አምስት ወር ነው፤ እናቲቱ በዚያ ጊዜ ከተራበች ልጇ ከክሮቹ ቁጥር ያጣውን በኋላ በመኖ አይመልሰውም። የቴክሴል እናቶች ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሣር ላይ ናቸው፣ ከመውለዳቸው በፊት ደግሞ ይጨመርላቸዋል።

እኛም ከውጭ አውራ አስመጥተናል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የእስራኤሉ አዋሲ በመንዝ አካባቢ ተዳቅሏል፤ በኋላም ከደቡብ አፍሪካ ዶርፐር መጥቷል። መኖ ባለበት ዲቃሎቹ ይበልጣሉ፤ መኖ በሌለበት ብልጫው ይሟሽሻል። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞክሯል፤ በመንዝ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ አጋሮቹ ጋር የራሳቸውን ጠቦቶች ይመዝናሉ፣ ይመዘግባሉ፣ የስድስት ወር ክብደቱ የበለጠውን ለአውራነት ያስቀራሉ። ያ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት አይማርክም። ቴክሴል ላይ ግን ያየሁት እሱኑ ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ።

የፈረንጅ አውራ ይምጣልን ለምትሉ ማኅበራት አንድ ነገር ልለምን። ከአውራው ዋጋ በፊት እርጉዟ እናት ከጥር እስከ ሚያዝያ የምትበላውን ጻፉልኝ።